ዋጋ የማይወሰድበት ሽምግልና

ለውድ እህቴ ለእታለም ዘነቡ፤

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አስመራ ላይ፣ የሠራዊት ጌታ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አዲሱ ሕግ ከመጣ ወዲህ እዚህም ፍቺ የሚታየው በሽማግሌዎች ዳኝነት ሆኗል። ጽገረዳ የምትባል የፓራዲዞ ሰፈር ሴት ከባሏ ስትጣላ፣ በእሷ ወገን ሆኖ እንዲዳኝ የኔን ባል ዘርእዝጊን መረጠች። እሱም የእንጨት ሥራ ቤቱን ቆልፎ እሷ ቤት ሲሸመግል ይውላል። ሌሎቹ ሽማግሌዎች «ሥራ ፈትተን ነውና የዋልንበት ይከፈለን» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ተከፈላቸው። «ያንተስ?» ስለው፣ «ኣይፋልን፣ የለም፣ ለዳኝነት ዋጋ አይወሰድም» አለኝ። ከኔ ጋር በሽንኩርት ዋጋ የሚከራከር ሰው እኮ ነው! እሷ እንደሁ መልኳም እንደ ስሟ ነው፤ እግዜር ለአንዳንዱ ያደላል።

ለነገሩ ፍቺው ባለፈው ሳምንት አልቋል። ባልየውም ዕቃውን ጭኖ ከረን ገብቷል። ዛሬ ጧት ግን ዘርእዝጊ ጢሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ «ሽምግልና አለብኝ» ብሎ ወጣ። ኮቱን የተኮስኩለት እኔው ነኝ።

በይ እታለም፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ደጅሽ አይዘጋ፣ መሶብሽ አይጉደል። ለፋሲካ ብቻዬን ብመጣ መኝታ አይጠፋም አይደል?

እህትሽ ይመኙሻል