አሥራ አንድ ጭንቅላት

ለተከበሩ የከተማው አዳራሾች አስተዳደር ኃላፊ (በጋዜጣ በኩል የተላከ ግልጽ ደብዳቤ)፦

ጤናዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በሲኒማችን በር ላይ ትኬት ስቀድ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ሰሞኑን ከደስታዬ ብዛት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፤ አዳራሹ ከሰኞ ጀምሮ የአሮጌ ጠረጴዛ መጋዘን እንዲሆን የወሰኑበት ደብዳቤ ደግሞ ጭራሽ ቁጭ ብድግ እያሰኘኝ ነውና፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. «ሰው አይገባበትም» ማለትዎ ድሮ እውነት ነበር። «የቁም ሳጥኗ እመቤት» የተባለው አስፈሪ ፊልም መጀመሪያ የወጣ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ሳያጠፋ ነበር የሚተኛው፤ በአራተኛው ክፍል ግን መንፈሷን ፍቅር ያዛት፣ በስድስተኛው ልጅ ማሳደግ ጀመረች፣ እኔም የሚያንኮራፋውን ተመልካች በባትሪ እየቀሰቀስኩ ስሸኝ ኖርኩ። ይህን ስላስታወሱልን እግዜር ይስጥልን።

፪. ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን ወዲያ፣ ሰባተኛው መጣ። ምን ልበልዎ ጌታዬ፤ ሴትዮዋ ትንፍሽ አትልም፣ ቁም ሳጥኑም አይከፈትም፣ ብቻ ከውስጥ ልብስ የማጠፍ ድምፅ ይሰማል። ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋ «ከእንግዲህ ልብሴ ገመድ ላይ ይደር፣ ቁም ሳጥን ከፍቼ ልሙትልሽ?» ብላኛለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ወንበር አላየሁም።

፫. የላኩልን ተመልካች ቆጣሪ በዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም ከማሳያው ክፍል አጮልቀው «አሥራ አንድ ተመልካች» ብለው ጽፈዋል። አልዋሹም፤ የቆጠሩት ግን የቁም ሳጥኑ እጀታ ሲዞር ስለነበረ፣ የቀረው ሦስት መቶ ሰው ከወንበር ሥር ነበር። አሥራ አንዱ ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው ጡረተኞች ናቸው። ይህንኑ ባስረዳቸው «መመሪያው የሚታይ ጭንቅላት ቁጠር ነው የሚለው፣ እትዬ» አሉኝ። እንዲህ መመሪያ አክባሪ ሰው ስላሳደጉ ኮራሁብዎ።

፬. መብራት በርቶ እንደገና ይቆጠርልን። ሌላ አልለምንም። ቅዳሜ ራስዎ ቢመጡ ደግሞ ከፊት ወንበር እይዝልዎታለሁ፤ ከደነገጡም ለማንም አልናገርም።

ውሳኔዎን ደጋግማ ከማንበብ ብዛት በቃሏ የያዘች፣ ትእዛዝዎን በር ላይ ቆማ የምትጠባበቅ፣ ትሑት ትኬት ቀዳጅዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተከበሩ ባለቤትዎ ፊልሙን ሁለቴ አይተውታል። ለእርስዎ እንዳልነግር ስላስማሉኝ ለእርስዎ አልነገርኩም፤ የነገርኩት ለጋዜጣው ነው። ለሰኞም ከእህታቸው ጋር ትኬት ቆርጠዋል፤ አዳራሹ መዘጋቱን ቤት ሲገቡ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አልደፍርም።