የአቶ ኔቪል ታግ የሕይወት ታሪክና በረጅሙ ማሳ የጠፋው ቀለበት

ስለ አንድ የጋብቻ ቀለበት በቤታችን ሁለት ታሪክ ሲነገር ኖሯል። አያቴ ወይዘሮ አቭሪል ታግ እንደሚሉት፣ ቀለበቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1981 በረጅሙ ማሳ ድንች ሲለቅሙ፣ እጃቸው በብርድ ደንዝዞና በጭቃ ረጥቦ ሳለ ከጣታቸው ሾልኮ ወደቀ። ዛሬ የምንሸኛቸው ባለቤታቸው አቶ ኔቪል ታግ ደግሞ ቀለበቱ አልወደቀም ይሉ ነበር፤ ወይዘሮ አቭሪል ገበያ ወስደው ሸጡት፣ ገንዘቡንም ለወንድማቸው ለአቶ ሮይ ሰጡ ባይ ነበሩ። ሁለቱም ቃላቸውን ሳይለውጡ አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። እኔ የልጅ ልጃቸው ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስታዘዝ፣ ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ሳይገለጽ እንዳይነበብ ተነግሮኛል። ስለዚህ የሆነውን በየጊዜው ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አቶ ኔቪል ሃሪ ታግ ከአባታቸው ከአቶ ሃሪ ታግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤዲት ብሬይ በሊንከንሸር ቆላ፣ በቶርፕ ድሮቭ መንደር፣ መጋቢት 4 ቀን 1951 ተወለዱ። አባታቸው የቦይ ጠራጊ፣ እናታቸው ለተከላ የሚሸጥ፣ ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ሥር ለቃሚ ነበሩ። እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው በመንደሩና በአጎራባች ከተማ ትምህርት ቤቶች ከተማሩ በኋላ፣ በ1966 በማሳዎቹ የውኃ ማስወጫ ፓምፕ ጣቢያ በረዳትነት ተቀጠሩ። በዚያው ጣቢያ ኃላፊ እስከመሆን ደርሰው ሃምሳ ዓመት አገልግለዋል። በ1978 ክረምት ባሕሩ ግድቡን በገፋበት ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከፓምፑ ሳይለዩ የመንደሩን ማሳዎች ከመስጠም አድነዋል። ይህን ዛሬ እዚህ የተቀመጡ ብዙ ገበሬዎች ይመሰክራሉ።

ሰኔ 8 ቀን 1974 ከወይዘሮ አቭሪል ፔል ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በ1976 እናቴን ሄዘርን ወልደዋል። ለጋብቻቸው የገዙት ቀለበት ስስ የዘጠኝ ካራት ወርቅ ሆኖ፣ በውስጥ በኩል የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላትና ዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾበት ነበር።

በ1977 የመጀመሪያውን የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዙ። ያን ጊዜ ነገሩ አዲስ ስለነበር፣ ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ሰሃን የሚያህል ክብ ታስሮበት፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ማሳ ለማሳ ሲያወዛውዙ ያያቸው ሁሉ ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ የሰው መሬት አልረገጡም፤ የቆፈሩትን ጉድጓድ ሳይደፍኑም አልሄዱም። አሮጌ ሳንቲም፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የእርሳስ ጥይት ያገኙ ነበር። የሚያስቸግራቸው የለቃሚዎች የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ነበር፤ መሣሪያው በየእርምጃው ይጮህባቸዋል። ስለዚህ ርካሽ ብረትን የሚያፍነውን የመለያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጥብቀው መሥራት ለመዱ።

በጥቅምት 1981 ወይዘሮ አቭሪል ከመንደሩ ሴቶች ጋር በረጅሙ ማሳ ለቀማ ላይ ነበሩ። ከሳንባ ምች ገና ማገገማቸው ስለነበር ከስተው፣ ቀለበቱ ሰፍቷቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ቅርጫታቸውን ገልብጠው እጃቸውን ሲያዩ ቀለበቱ የለም። በዚያው ሳምንት ወንድማቸው አቶ ሮይ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዙ። ይህን የምጽፈው ለአቶ ኔቪልም ፍትሕ እንዳላጓድል ነው፤ የሁለቱ ነገሮች መገጣጠም ማንንም ሊያጠራጥር ይችል ነበር።

አቶ ኔቪል አራት ተከታታይ ቅዳሜና እሁድ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ፈተሹ። በአራተኛው እሁድ ጭቃ የያዘ ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው ገበታ ቀረቡ።

«የለም» አሉ።

«ማሳው ሰፊ ነው እኮ ኔቪል። ወደ ቦዩ ጠጋ ያለውንስ አየኸው?»

«ሁሉንም አይቻለሁ። መሣሪያው አይዋሽም። እዚህ ቤት የሚዋሽ ሌላ ነው።»

«እኔ ልዋሽህ?»

«ሮይን ጠይቂው። ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሲጋልበው ያየሁት ትናንት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሮይ ቤታቸው እንዳይገቡ ተከለከሉ። መሣሪያውም ጣሪያ ሥር ተሰቀለ። «ሮይን ጠይቁት» የቤቱ ቀልድ ሆነ። መቀስ ሲጠፋ፣ መነጽር ሲጠፋ፣ የእናቴ የትምህርት ቤት ጓንት ሲጠፋ፣ አቶ ኔቪል ቀና ሳይሉ «ሮይን ጠይቁት» ይሉ ነበር። እንግዶች ይስቃሉ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ትርጉሙን ሳላውቅ ስቄያለሁ። ሌላ ቀለበት ይገዛ የሚል ሐሳብ አንዴ ሲነሳ «አንዱን የሸጠች ሁለተኛውን ምን ያግዳታል?» ብለው ዘጉት። ወይዘሮ አቭሪል ጣታቸው ባዶ እንደሆነ ቀረ። አዲስ የመጣ የሱቅ ሻጭ ባል የሞተባቸው እየመሰለው ያጽናናቸው ነበር።

አቶ ሮይ በየካቲት 1998 በልብ ሕመም በድንገት ሞቱ። አቶ ኔቪል ባለቤታቸውን በመኪና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሱ፤ እሳቸው ግን አልወረዱም። ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁ። ወይዘሮ አቭሪል ተመልሰው ሲገቡ የጠየቋቸው «አለቀ?» ብለው ብቻ ነው።

ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ሲቀራቸው፣ በ2013 መጸው፣ ሐኪም በእግር እንዲሄዱ መከራቸው። ዝም ብሎ መሄድ ስላልወደዱ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሰቀለውን መሣሪያ አውርደው፣ አዲስ ባትሪ አስገብተው፣ የወረዳውን የብረት ፈላጊዎች ክለብ ተቀላቀሉ። በመንደሩ አዳራሽ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ የክለቡ አሠልጣኝ፣ የትራክተር መካኒኩ ክሬግ፣ አሮጌውን መሣሪያ እያገላበጠ አየው። ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው።

«ጋሼ ኔቪል፣ ድሮ መለያውን የት ላይ አድርገው ነበር የሚሠሩት?»

«መጨረሻው ላይ። የሲጋራ ወረቀት ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበራ።»

ክሬግ ሳቀ። «እንግዲያው ስንቱን ወርቅ ረግጠው አልፈዋል። ለዚህ መሣሪያ ስስ ወርቅና የሲጋራ ወረቀት አንድ ናቸው። አንዱን ዝም ሲያሰኙት ሌላውም ዝም ይላል።»

«የሴት ቀለበትም?»

«በተለይ የሴት ቀለበት።»

ክሬግ ሻይ ከምትቀዳው ባለቤቱ ቀለበቷን ተቀብሎ የእንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አጥብቆ መሣሪያውን አወዛወዘበት። ድምፅ የለም። ቁልፉን ሲመልሰው አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። አቶ ኔቪል «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገመው። ሻያቸውን ሳይቀምሱ ኮታቸውን ለበሱ።

በዚያን ዕለት ለባለቤታቸው ሊነግሩ ይችሉ ነበር። ቤት ሲገቡ ያሉት «ክለቡ ደህና ነው» ብቻ ነው።

አዲስ መሣሪያ ገዝተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ድንቹ ከተነሳ በኋላ ረጅሙን ማሳ ያለመታከት አሰሱ። ክሬግ «ጋሼ፣ ይሄ ድሮ ረግረግ ነበር፤ አንድ የጥንት ሮማዊ እንኳ እግሩን አላስገባበትም፤ ሳንቲም አይገኝበትም» ሲላቸው፣ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይሉት ነበር። በመጋቢት 2016 ጡረታ ወጡ። ጥቅምት 15 ቀን 2016 ቅዳሜ በአረንጓዴ ደብተራቸው፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ እንዲህ ጻፉ፦ «ረጅሙ ማሳ፣ ከቦዩ አሥራ አንድ እርምጃ። ጥልቀት ስድስት ኢንች። የወርቅ ቀለበት፣ ዘጠኝ ካራት፣ ኔ. እና አ. 1974።» ደብተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የባለንብረት ስም የሚሞላበት ቦታ አለው። እዚያ ላይ «ይታወቃል» ብለዋል። ቀለበቱን በትምባሆ ቆርቆሮ ከቀበቶ ዘለበቶች ጋር አድርገው የዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

በሰኔ 2018 ከጎረቤት መንደር አንዲት ሴት የእናታቸው ቀለበት በፈረስ ግጦሽ ውስጥ ጠፍቶባቸው፣ አቶ ኔቪል በሁለት ቀን አገኙላቸው። የአካባቢው ጋዜጣ ሴትየዋ እያለቀሱ እጃቸውን ሲጨብጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። ወይዘሮ አቭሪል ፎቶውን ቆርጠው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት። ያን እሁድ ምሳ ላይ ነበርኩ።

«የሰው ሁሉ አገኘህ» አሉ አያቴ ድንች እያወጡልኝ። «እስቲ አንድ ቀን ደግሞ የኔን ፈልግልኝ።»

አቶ ኔቪል ሹካቸውን አላስቀመጡም። «ያንቺን? ያንቺንማ ሮይን ጠይቂው።»

ቀለበቱ በቆርቆሮው ውስጥ ከተቀመጠ ሃያ ወር ሆኖት ነበር። አቶ ሮይም ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል።

አቶ ኔቪል ከሦስት መቶ በላይ ጥንታዊ ዕቃዎችን ለወረዳው የቅርስ መዝጋቢ ሠራተኛ አስረክበዋል። ያገኙትን ለባለ መሬቱ ሳያሳዩ ወደ ኪሳቸው ያስገቡት ሳንቲም የለም። መሬት እንዴት እንደሚነበብ፣ የተገኘ ነገር ሳይቧጨር እንዴት እንደሚወጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀለበቱን ለምን እንደደበቁ ግን አላውቅም። አፍረው ይሆናል፤ ቀን ሲጠብቁም ይሆናል። ደብተሩ ስለዚህ ምንም አይልም፤ እኔም ያላገኘሁትን አልጽፍም።

በታኅሣሥ 2020 የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ያዙ። ወይዘሮ አቭሪል አሥራ አራት ወር አገላብጠው፣ አጥበው፣ በማንኪያ አጉርሰው አስታመሟቸው። ሊያርፉ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የባለቤታቸውን ግራ እጅ ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ምን ልትለኝ ነው?» አሏቸው ወይዘሮ አቭሪል።

«ምንም። እጅሽ ይቀዘቅዛል።»

የካቲት 9 ቀን 2022 በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

በማግሥቱ ደብተሮቹን ለቅርስ መዝጋቢው ለመስጠት ሳደራጅ አረንጓዴውን አነበብኩ። ቆርቆሮውን ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ፈልጌ አግኝቼ አያቴ ፊት አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ፊደላቱን አዩና ቀለበቱን ወደ ጣታቸው ሰደዱት። በሪህ ያበጠውን አንጓ ማለፍ አልቻለም። «ያን ጊዜ ሰፊ ነበር» አሉ። «ሰፊ ነበር ብዬው ነበር።» እናቴ ይህ በቀብር ላይ እንዳይነበብ ለመነቻቸው።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«አርባ ዓመት ሰው ሲል የኖረው በኔና በሮይ ነው። አንድ ቀን በሱ ይበል። ልጁ እንዳለ ይጻፈው።»

አቶ ኔቪል ታግ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አቭሪልን፣ ልጃቸውን ሄዘርንና አንድ የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። ከመሬት በታች የተሸሸገውን ሁሉ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለተበደሉትም ዕረፍትን ይስጥ።

አቶ ኔቪል በ1999 ከቤተ ክርስቲያኑ ደቡብ በር አጠገብ ለሁለት የሚበቃ የመቃብር ቦታ ገዝተው ነበር። አቶ ሮይ የተቀበሩት በሰሜኑ ግንብ ሥር ነው። ሐሙስ ዕለት ሁላችንም ወጥ ቤት ተሰብስበን ሳለን፣ የቀብር አስፈጻሚው ቀለበቱ ከአቶ ኔቪል ጋር ይግባ ወይስ ለጣታቸው እንዲሆን ይስፋ ብሎ ወይዘሮ አቭሪልን ጠየቃቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው የመለሱት በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ እንዲነበብ አዝዘዋል፦

«ቀለበቱን ሮይ እግር ሥር ቅበሩልኝ። ቀኔ ሲደርስ እኔንም እዚያው። ኔቪል ከፈለገን ሮይን ይጠይቅ።»