ከአንጓዬ ሦስት ጣት በላይ

ማክሰኞ
ዛሬም አልረጋልኝም። ውሃ እንኳ። አዲሱን መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴ የገባበትን ሁሉ ይመልሳል። ነርሷ ለልጄ ለሰላም አንድ ነገር አሳየቻት፤ ከእጅ አንጓ ሦስት ጣት ወደ ላይ ለክቶ፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል በአውራ ጣት መጫን። የቻይኖች ሕክምና ነው፣ ማቅለሽለሽ ያስታግሳል አሉ። ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ «ጠበሉን ትታችሁ ቻይና ገባችሁ?» ብለው ሳቁብን። ሰላም ስትጫነኝ ግን ትንሽ ቀለል አለኝ። ነጥቡ ይሁን የልጄ እጅ፣ እንጃ።

ረቡዕ
ሰላም ከሥራ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ክንዴን ስትጫን ዋለች። ትናንት ስልኳን እያየች ነበር የምትጫነኝ፣ ዛሬ ቀና ብላም አታይም። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆንሽ ብላት በስዊድንኛ አለርጂ ነው አለችኝ። ውጭው በረዶ ነው።

እትዬ ጽጌ ኮሪደሩ ላይ «መጀመሪያ እህል ይርጋላት፣ ሌላው ከዚያ በኋላ» ሲሏት ሰማሁ። ሌላው ምንድነው? እዚህ አገር የምርመራ ውጤት ለበሽተኛው ለራሱ ነው የሚነገረው። ግን ሰላም ሐኪሙን «ለእናቴ አትንገርብኝ» ብላ ለምናው ይሆናል።

ሐሙስ
ፈራሁ። በቃ፣ መሞቴ ነው። የቀረኝን ሳስብ ዋልኩ። የቤቱ ኮንትራት ወደ ሰላም ይዛወር። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ለጌታቸው ቀስ አድርጎ የሚነግረው ሰው ይፈለግ፤ ልቡ ስስ ነው፣ አይችለውም። ደወልኩለት፣ አያነሳም። ሰላም ስልኩ ተበላሽቷል አለችኝ።

ዓርብ
ዛሬ የምስር ሾርባ ጠጣሁ፣ ረጋልኝም። ሰላም ደስ ይላታል ስል ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ከዚያ በሩን ዘግታ ስልክ ደወለች።

ቅዳሜ
ገና ሳይነጋ የበሩ ደወል ተደወለ። እትዬ ጽጌ፣ የንስሐ አባቴ፣ ከኡፕላንድስ ቬስቢ ከተማ ድረስ የመጡ የአክስቴ ልጆች። ቤቱ ሞቆ ሳለ ጃኬታቸውን አላወለቁም። ከሥሩ የነጠላቸው ጥለት አንገታቸው ላይ ታየኝ። መርዶ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ለሟች መርዶ እንደማይነገር እንኳ ጠፋኝ። «የእኔን ልትነግሩኝ ነው?» አልኳቸው።

አባ «ወንድምሽ ጌታቸው አርፏል» አሉ።

«ተመስገን» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። እኔ አይደለሁም፣ የምሞተው እኔ አይደለሁም፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነው። አባ «እምነቷን አያችሁ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጩኸቱ የመጣብኝ ከዚያ በኋላ ነው። የሞተው ማክሰኞ ማታ ኖሯል። እህል እስኪረጋልኝ ነው የጠበቁት።

እሑድ
ሰላምን ስለ እኔ የደበቅሽው ነገር አለ ወይ አልኳት። «የለም እማዬ» አለች፣ በአማርኛ። ሰኞ ሐኪሙን ራሴ እጠይቃለሁ።

ጌቾዬ፣ በሞትህ ተመስገን አልኩ። ለንስሐ አባቴ መናዘዝ አለብኝ። እሳቸው ግን ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ስለ እምነቴ ጽናት ለሰዉ ሁሉ ሲያወሩ ዋሉ አሉ።