ደቅሲሳ የሠራው አምፕሊፋየር

ይድረስ ለልጄ አሜን። የጋምቤላ ሙቀት እንዳይጥልህ እያልኩ ሰላምታዬን ከመቱ ዝናብ ጋር ልኬልሃለሁ። እኛ ደህና ነን፣ ዋቀዮ ይመስገን።

ሬዲዮ ጠጋኙ ደቅሲሳ ለአባትህ ጊታር በእጁ አምፕሊፋየር ሠራለት፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ ውስጡ አምፖል የሚበራ። የዋንዛ ሳጥኑ ሲያዩት ሙሽራ ነው! ስንጥቁን ግን በምን ደፈነው መሰለህ? ማሩ በደንብ ባልወጣለት፣ ከሁሩሙ ገበያ በመጣ የንብ ሰም! አምፖሎቹ ሲግሉ ሰሙ ከነሞተ ንቡ ምንጣፌ ላይ ተንጠባጠበ። ኡፍ፣ ሽታው! ጉንዳኑም ተሰልፎ ገባ። እየተጸየፍኩ ሳቄ መጣ።

አባትህ የተጸየፈው ግን ድምፁን ነው። «ይሄ ከጉድጓድ የሚያጉረመርም ምንድን ነው? የቀጭኗ ክር ድምፅ የታለ?» አለ። እኔን እኮ ጥርሴን እስኪያመኝ ትጮህብኛለች!

ደቅሲሳ ጆሮውን ይዞ፣ «ጋሼ ቀኖ፣ ኧረ ይቀንሱት፣ ጣሪያው ሊነሳ ነው!» ሲለው፣ «ምን አልክ?» ብሎ ጭራሽ ጨመረው። ጎረቤታችን ዘህራ ከነደንበኞቿ ከሱቋ ሮጣ መጣች። በመጨረሻ አባትህ ጉንጩን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ጊታሩን መታና፣ «አሁን ገና ሰው ሆነ» አለ።

እሁድ ለመዘምራኑ ሲመታ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በእጄ ምቱን እይዝለታለሁ።

ለፋሲካ ስትመጣ ከኋላው አትጣራ፤ ፊቱ ቆመህ ሳመው። እስከዚያ ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ።

እናትህ ገለኔ