አባቴን ካልካድኩ ባለቤቴ እንዳያነብ ለከለከለው ኩባንያ

ይድረስ ለተከበረው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ሻጭ፣ ለመብት ጥበቃ ክፍል፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? በተለይ ዓይናችሁ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ጉዳዬ የዓይን ነውና። የባለቤቴ የአቶ ሰይፈሥላሴ ተክለብርሃን ዓይን እየደከመ ሄዶ፣ ሐኪማቸው ማንበብ የሚፈልጉትን አሁኑኑ እንዲያነቡ መክሯቸዋል። እሳቸው የመረጡት ከእናንተ የገዛሁትን አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ነው። በስልኬ ፊደሉን ስናተልቀው ገጹ ሁለት ቃል ብቻ ስለሚይዝ፣ በእሳቸው ሰፊ ታብሌት ልንከፍተው መጽሐፍ ለቤት ሰው የሚያጋራውን «ቤተሰብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንን፤ የመጨረሻ ስማችሁ አንድ አይደለም ብሎ ከለከለን።

አንደኛ፣ ቤተሰብ ማለት የመጨረሻ ስሙ አንድ የሆነ ሰው ብቻ መሆኑን ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። በእኛ ወግ ሴት በአባቷ ትጠራለች እንጂ በባሏ አትጠራም፤ ስለዚህ እኔ ሰርካዲስ እንግዳ ነኝ፣ ልጃችንም ሶሊያና ሰይፈሥላሴ ናት። በእናንተ መዝገብ ግን እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነናል። አባቴ ስማቸው እንግዳ ቢሆንም እኔ ለገዛ ቤቴ እንግዳ መሆኔን ከእናንተ ሰማሁ።

ሁለተኛ፣ የጋብቻ ወረቀታችንን ብንልክላችሁ፣ ስሜን ባስቀይር ነገሩ ቶሎ እንደሚያልቅ በትሕትና የመከረኝን ሠራተኛችሁን አመስግኑልኝ። ባሌ እንኳ በዚህ ሁሉ ዘመን ያልጠየቀኝን ነው የጠየቀኝ። በጨዋ አማርኛ ስለጻፍኩ አትሳሳቱ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ሦስተኛው ደግሞ ይኸው ነው፤ ታብሌቱ መጽሐፉ የእርስዎ አይደለም ሲላቸው፣ አቶ ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ታዲያ እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ ብለው ጠየቁኝ። መልሱ እናንተ ዘንድ ስላለ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ እንድትልኩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ በኋላ ብትፈቅዱላቸው ምን ይሠራላቸዋል?

«ግዛ» የሚለውን ቁልፍ የእኔ ይሆናል ብላ አምና የተጫነች የዋህ ደንበኛችሁ፣ የአቶ እንግዳ ልጅ፣ የአቶ ሰይፈሥላሴ ሚስት፣ የሶሊያና እናት፣ በእናንተ ዘንድ ግን የማንም ያልሆንኩት፣

ሰርካዲስ እንግዳ
ሎስ አንጀለስ

ሳልረሳው፦ መልሳችሁ እስኪደርስ ድረስ ከስልኬ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። ውላችሁ መጽሐፉን ወዳልተመዘገበ መሣሪያ ማስተላለፍ ስለሚከለክል፣ ጥፋቴን ራሴ አሳውቃለሁ፤ ጆሯቸው አልተመዘገበም። ልትመዘግቡት ከፈለጋችሁ የመጨረሻ ስሙ ተክለብርሃን ነው።