ጭልፊቶቹ እስኪወጡ

እሑድ፣ ጁን 7፣ 2015

ለወፍ ተብሎ! ለወፍ!

ስደርስ የጣሪያ ሠራተኞቹ መሰላላቸውን መልሰው መኪናው ላይ እየጫኑ ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሥራ አቁሙ ይላል። ከቆርቆሮው ሥር ጭልፊት ጎጆ ሠርታ ፈልፍላለች፤ ዘሯ እየጠፋ ስለሆነ በሕግ ትጠበቃለች፤ ጫጩቶቹ በርረው እስኪወጡ ጣሪያውን የነካ ይቀጣል። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ምናልባት የፈረንጅ ቀልድ ይሆን ብዬ። አይደለም፣ ማኅተም አለው።

ይህ ቤት ድሮ ብርቱካን የሚታሸግበት መጋዘን ነበር። ለኛ ከኢትዮጵያ ለመጣን አይሁድ የጸሎት ቤት እንዲሆን እስኪሰጡን ድረስ ስንት ደጅ ጠናን። እስከ ዛሬ የምንጸልየው ሚክላት ውስጥ ነው፣ ሰው ከሮኬት የሚሸሸግበት ምድር ቤት። ደረጃው ቁልቁል ነው። አባባ ቄሳችን ሆነው፣ ከፋሲካ ወዲህ ያን ደረጃ መውረድ አቃታቸው። ልባቸው ደክሟል። ሰንበት ሲመጣ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ይዘው ብቻቸውን ይጸልያሉ፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ አሜን እላለሁ። አንድ ሰው አሜን ሲል ምን ጸሎት ይባላል?

መጋዘኑ ደረጃ የለውም። የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው፤ ጣሪያው ካልተቀየረ ኢንጂነሩ አይፈርምም፣ ካልፈረመ ሰው አይገባም። ሐኪሙ ለኔና ለወንድሜ ለማሩ ለብቻችን ነግሮናል፦ የምታስቡላቸው ነገር ካለ አታዘግዩት።

ሥራውን የያዘው ካብላን፣ ተቋራጩ፣ ደግሞ እስከሚመጣው እሑድ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ተዋውያለሁ፣ የምመለሰው ከሱኮት፣ ከመስከረሙ የዳስ በዓል፣ በኋላ ነው አለ። ከሱኮት በኋላ! አባባ ገና ከአሁኑ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ

የምሠራው ቂርያት ቫይዝማን፣ ከአንድ ድርጅት ወጥ ቤት ነው። የምሳው ዕቃ ታጥቦ እንዳለቀ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ። ወረቀቱን የለጠፈችው የተፈጥሮ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ከሰዓት ትመጣለች ብለውኛል። የምላትን ሁሉ በመንገድ ላይ በዕብራይስጥ አሰናድቻለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ቃል፣ የሚያቆስል ነገር።

መኪናዋ ቆመ፣ ወረደች። የኛ ልጅ! ካኪ ለብሳ፣ የርቀት መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። ጎንበስ ብላ "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ" አለችኝ። ያ ሁሉ ያሰናዳሁት ዕብራይስጥ አፌ ውስጥ ቀረ። ኦስናት ትባላለች፣ ቤኤር ያዕቆብ ነው ያደገችው። የማን ልጅ እንደሆነች ስጠይቃት እናቷን አወቅኳቸው። ይህ ደግሞ ባሰ። የማላውቃትን ሰው ነበር መስደብ የፈለግኩት።

መነጽሩን ሰጠችኝ። ከቆርቆሮው ጫፍ ሥር፣ ልክ ለጸሎት ፊታችንን በምናዞርበት በምሥራቁ በኩል፣ ሦስት ጫጩቶች ተደርድረዋል። ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ የተቆጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ቆንጆ ናቸው አልልም።

ምን ትጠቅማለች ይቺ ወፍ? አልኳት። ፌንጣ ትበላለች፣ ለገበሬ ጥሩ ናት አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና "ግን እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፣ ባትኖርም ገበሬው መድኃኒት ይረጫል። ጥቅሟን አስልቼ ማሳየት አልችልም። ብቻ አንዴ ከጠፋች የሚመልሳት የለም፣ ዘሁ፣ በቃ" አለች።

ይቺ መልስ ናት? ቢያንስ ብትዋሸኝ ምን ነበረበት! ለወፏ መኪና፣ ቤንዚን፣ ደሞዝተኛ፣ ሕግ፣ ማኅተም። አባባ በቃላቸው የያዙትን የግዕዝ ጸሎት ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ሰው በዚህ ከተማ ስንት ቀረ? ለሳቸውስ ተቆጣጣሪ አላቸው? በራቸው ላይ "አትንኩ" የሚል ወረቀት የለጠፈ አለ? ይህን ሁሉ አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አይቀርም፤ የሠፈሩ ውሻ ጮኸ።

ኦስናት መነጽሩን ተቀብላኝ አንገቷ ላይ መለሰችው። ይህም አናደደኝ።

ማክሰኞ

ማሩ ዘዴ አግኝቷል። ማሩ ሁሌ ዘዴ ያገኛል፤ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ማታ ይዞት ይመጣል።

"ምን ያስጨንቅሻል፣ ሕጋችን ይፈቅዳል እኮ!" አለኝ። ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ሰድዶ ጫጩቶቹን ይውሰድ ይላል የኦሪት ሕግ፤ ረጅም ዕድሜም ያስገኛል። ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን፦

አንደኛ፣ የጸሎቱን ከበሮ ከሚክላት አውጥቶ ከጣሪያው ሥር መምታት፤ እናቲቱ ደንግጣ ትሄዳለች።
ከዚያ እሱ መሰላል ይወጣል፣ ጫጩቶቹን በጫማ ካርቶን ያወርዳል።
ኦሺዮት ሠፈር፣ እሱ ቤት በረንዳ ላይ የዶሮ ጉበት እያበላ ያሳድጋቸዋል።
መሰላሉን የምይዘው እኔ።

ቅጣቱስ? ስለው፣ የእግዚአብሔርን ሕግ የፈጸመን ሰው የሚቀጣ ዳኛ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ አለ። ወንድሜ የሚስቱን ድመት እንኳ ማብላት ይረሳል። ግን ሐሳቡን ወደድኩት። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ወደድኩት። በተለይ ረጅም ዕድሜ የሚለውን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የሕግ ነገር ቄስ ሳይጠየቅ አይደረግም፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ስለዚህ ለአባባ መንገር ግድ ሆነ።

ረቡዕ

ነገርናቸው። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ካብላኑ፣ ስለ ሱኮት፣ ሁሉንም ማሩ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። አባባ እስኪጨርስ ጠብቀው፣

"የቱ ወፍ ነው?" አሉት።

"ጭልፊት።"

"ጭልፊት ትበላለህ?"

"ኧረ አባባ! ርኩስ አይደለች እንዴ!"

"እንግዲያ ምን ልታደርጋቸው ትወስዳቸዋለህ? ውሰድ የተባለው ለሚበላው ነው።"

ላሳድጋቸው ነው አለ ማሩ፣ ትንሽ እንደማፈር ብሎ። "እናት አለቻቸው፤ አንተን ማን ሾመህ?" አሉት።

እኔ መቻል አቃተኝ። ስለ እርስዎ እኮ ነው አባባ! አልኩ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ ልንገር ሳልል። ማሩ በዓይኑ ሲጠቅሰኝ ነበር፤ ማን አይቶት። አባባ ግን የሰሙትን ነገር ቀድመው የሚያውቁት መሰሉኝ። "ስለ እኔ ከሆነ በስሜ አትስረቁ" ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ማሩ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛን ለማምጣትም ወጪውን ያሰሉ ሰዎች እንደነበሩ አስታወሱኝ። አዲስ አበባ አውሮፕላን እየጠበቅን ሳለ፣ ከመጣንም ወዲያ፤ እነዚህ ሰዎች ለምን ይጠቅማሉ፣ ለዚህ ሁሉ ወጪ ይሆናሉ ወይ ይሉ የነበሩት። ይህን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሰውን ከወፍ ጋር ያወዳድራሉ እንዴ? አልኳቸው።

"እኔ አላወዳደርኩም" አሉ። "ጥያቄው ነው አንድ የሆነብኝ።"

ከሳቸው ጋር ክርክር የለም። ሳህኑን ደግሜ አጠብኩት።

ሐሙስ

ጥሩ ወሬ! ሁለቱ ወጥተዋል። ከሥራ ስመለስ አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ፣ ሌላው ባሕር ዛፉ ላይ። ጎጆው ውስጥ የቀረችው አንዲት ናት፤ ትንሿ። ኦስናት በስልክ "እሷም ስትወጣ በዚያው ቀን ወረቀቱን አነሳለሁ፣ ቤሰደር፣ እሺ?" ብላ ቃል ገባችልኝ። ዓርብ ከወጣች ሠራተኞቹ እሑድ ይገባሉ። ለካብላኑ ደወልኩ፤ እሱም እሺ አለ።

ከጣሪያው ሥር ቆሜ "ያላ፣ ብረሪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ? እናትሽ እስክትድርሽ ነው?" እያልኩ ስጮህ ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሩሲያዊ ጎረቤት አየኝ። ሰላም ብዬው ወደ መኪናዬ ሄድኩ። እዚህ ደርሻለሁ እንግዲህ።

እሑድ

ዓርብ ሰንበት ስለገባብኝ አልጻፍኩም። አሁን ልጻፈው፣ አለዚያ ይፈነዳል።

ዓርብ ለሰንበት የሚሆነውን አዘጋጅቼ፣ አንዴ ብቻ አይቻት ልመለስ ብዬ ሄድኩ። ጎጆው ባዶ ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት ከግንቡ ሥር ድመት አየሁ። አንዲት ቢጫ ድመት፣ ከኋላዋ ሌላ። ጫጩቷ መሬት ላይ ናት። በርራ ሳይሆን ወድቃ ነው። አንድ ክንፏን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ ድመቷ ላይ አፏን ከፍታ ትጮሃለች። የምታስፈራራ መስሏት።

ማንም ሰው አልነበረም። ማንም። ኦስናት የለች፣ ማሩ የለ፣ ያ ሩሲያዊ እንኳ የለም።

ምን እንዳሰብኩ አውቃለሁ። ዝም ብዬ መኪናዬ ውስጥ ብገባ በቃ። እኔ አልገደልኳትም፣ አልነካኋትም፣ መሰላል አልወጣሁም። ድመት ናት። ጎጆው ባዶ ነው፣ ወረቀቱ ይነሳል፣ እሑድ ቆርቆሮው ይወርዳል፣ አባባ አንድ ሁለት ሰንበት ቆይተው በእግራቸው ይገባሉ፣ በሕዝብ ፊት ይቆማሉ። ይህን ሁሉ አየሁት። የመኪናውን በርም ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ድመቷ ላይ ወረወርኩ። ለምን? አላውቅም። ሕጉን ፈርቼ አይደለም፤ ያየኝ የለም። ለወፏ አዝኜም አልመሰለኝም፤ እየረገምኳት ነበር። ሁለተኛውንም ጫማ ወረወርኩ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ሳነሳት አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፣ ጥፍሯ እጄን ዘነጠለው። "ነገረኛ! አንቺ ነገረኛ!" እያልኩ ይዣት ቆምኩ። ልቧ ነጠላው ውስጥ ድው ድው ይላል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር እንዲህ ይመታል አላልኩም ነበር።

ስደውልላት ኦስናት ሰንበት ሊገባ ሲል እየበረረች መጣች። የጫጩቷን ክንፍ መረመረችና አልተሰበረም አለች። ላባዋ ገና አልጠናም፣ ቸኩላ ነው የወደቀችው። መሰላል አቁማ ጎጆዋ ውስጥ መለሰቻት። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከወረደች በኋላ ፊቴን ስታይ ገባት፤ ምን ያህል ይፈጃል ብዬ ሳልጠይቃት "ሌላ ሳምንት፣ ምናልባት ትንሽ ይበልጥ" አለች። ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ ተወችው። ደህና አደረገች፤ ብትል ኖሮ መሰላሉን አነሳባት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ካብላኑ ሄደ። ለመንኩት። ማሩም ለመነው፣ ኋላም ሰደበው። ከሱኮት በኋላ አለ፣ በቃ። ሌላ ካብላን እየፈለግን ነው፤ የደወልንላቸው ሁሉ ተይዘዋል። ማሩ አያናግረኝም። ጫማ ወርውረሽ አዳንሻት አሉ፣ ብሎ ብቻ ስልኩን ዘጋብኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔው ነግሬው ይሆናል።

ለአባባ ነገርኳቸው። አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ የታሰረ አውራ ጣቴን ይዘው ሰሙኝ።

"ነከሰችሽ?"

"ነከሰችኝ።"

"ጥሩ። ጉልበት አላት ማለት ነው።"

በንዴት ሳቅኩ። ከዚያ ማልቀስ መጣብኝና አፈርኩ። ሱኮት ሩቅ አይደለም አሉኝ፣ ልክ እኔን እንደሚያባብሉ። ይህን ለመናገር እንኳ መሐል ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ ሳቡ። ሰማሁት።

ነገ ከሥራ በፊት ሄጄ ጎጆውን አያለሁ። እንደገና ብትወድቅ ድመቶቹ እንዳይጠጉ፣ ማሩ ለሌላ ሥራ መጋዘኑ ደጅ ያስቀመጠውን ጣውላ ከግንቡ ሥር አጋድመዋለሁ። አባባ ከቆዩልኝ ይህ ሁሉ ይረሳል። ካልቆዩልኝ ግን ወፏንም፣ ኦስናትንም፣ ይህን የተቧጠጠ እጄንም ይቅር አልልም።