ማንም አላስለመደህም

ወንድሜ ደምሌ፣

እስከ ሰሞኑ ድረስ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን፣ ለማንም ያልተነፈስሁትን ነገር ዛሬ ልጽፍልህ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ከሆንህ ተወውና ማታ ቤትህ ገብተህ፣ አረፍ ብለህ አንብበው።

ከሁሉ በፊት ግን ሰላምታ ይቅደም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? እኛን ውርጭ ሲያቃጥለን እናንተ ዘንድ በጋ ነው ብለኸኝ ነበርና ፀሐዩ አልከበደህም? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው። መንገዱ አንዳንድ ቀን ክፍት፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ነው፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ፣ ድምፅህን ስሰማ ወኔ ከድቶኝ ስለ ባቄላው አውርቼህ ዘጋሁ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩ ይኸውልህ። ያን ጊዜ ስለ አንተና ስለ ስማቸው ለአባታችን የተናገርሁት እኔ ነኝ። አንተ እስከ ዛሬ ድረስ ስማቸው የራሱን ነፍስ ለማዳን አሳልፎ ሰጠኝ ብለህ ታምናለህ። በመተማ አድርገህ ሱዳን ስትገባም፣ ከሱዳን ሜልበርን ስትሻገርም ይህንኑ ቂም ተሸክመህ እንደሄድህ አውቃለሁ። ‹ስሙን አታንሺብኝ› ስትለኝ አላነሣሁም። ዝም አልሁህ።

አባታችን ‹የልጅህ አዋዋል አላማረኝም› ብሎ ሰው ሹክ ብሎት ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ በር ላይ መቆሙን አንተ አላየህም፤ ከብት ልታጠጣ ወርደህ ነበር። ‹ልጄን ምን ነካው? የምታውቂውን ተናገሪ› አለኝ። እኔም ‹እሱ ምን ጥፋት አለበት፣ ስማቸው አስለመደው እንጂ› አልሁ። አንተን ማዳኔ መሰለኝ። አባታችንም ጠመንጃውን መልሶ ሰቀለው። አንተ ወደ ጠበል ተወሰድህ፣ ስማቸውና እናቱ ከቅሬ ወጡ። ከቅሬ መውጣት ምን እንደሆነ አትረሳውም፤ ሲሞቱ ቀባሪ፣ ሲያለቅሱ አስተዛዛኝ ማጣት ነው። እንጀራ አባቱም ጥሏቸው ሄደ፤ እናቱ የሞተች ጊዜ ቃሬዛ የሚሸከም ጠፍቶ፣ ዘመዶቿ ከወገዳ በኩል እስኪደርሱ ስማቸው ብቻውን ሬሳ ሲጠብቅ ዋለ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አልወጣሁም።

ያልሁት ውሸት መሆኑን ደግሞ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። የጥምቀቱን ሎሚ ታስታውሳለህ? ጎረምሶቹ ሁሉ የወደዷትን ልጅ በሎሚ ሲመቱ፣ አንተ የገዛሃትን ሎሚ ቀኑን ሙሉ በመዳፍህ ስታሽ ዋልህ። ቤት ስንገባ ሎሚዋ ለስልሳ ልትፈርጥ ደርሳለች። ‹አንተ ፈሪ፣ ከዚያ ሁሉ ልጃገረድ አንዲት እንኳ አጣህ?› ብዬ ስቀልድብህ እጄ ላይ አስቀመጥሃት። ‹እትዬ፣ እኔ የምወረውርለት ሎሚ የሚወረወርለት አይደለም› አልኸኝና ዓይንህ እንባ ሞላ። ሌላ አልጠየቅሁህም፤ ገብቶኝ ነበር። ያኔ ድምፅህ እንኳ በቅጡ አልጎረነነም። የስማቸው እናት እኛ ደብር ባል አግብታ ልጇን ይዛ ከስማዳ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸውን በዓይንህ አይተኸው አታውቅም ነበር።

ከተዳርሁም በኋላ ነገሩ አልተወኝም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ እሸቴ ለዘር ብሎ አንድ አውራ በግ ከገበያ ገዝቶ መጣ። በጉ እንስቶቹን ዘወር ብሎ አያይም፤ የሚከተለው ሌላውን አውራ ነው። እሸቴ ጎረቤቱን ሰብስቦ ‹እስቲ ይኸንንስ ማን አስለመደው በሉኝ?› ብሎ ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ ወጡ አረረ ብዬ ገባሁና ጭሱን አመካኝቼ አለቀስሁ። ከከብት ጋር እያመሳሰልሁህ አይደለምና እንዳትቀየመኝ። የሰው ነገር ከበግ ነገር ይሰፋል። ብቻ ለአባታችን መመለስ የነበረብኝ ያን የእሸቴን ጥያቄ ነበር።

ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህ፤ አመድ በትነህ፣ በጣትህ እየጻፍህ። ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳይቀር እያነበብሁ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ነገር የተጻፈም አልፎ አልፎ እጄ ገብቷል። አንዱ ከተፈጥሮ ነው ይላል፤ አንዱ ልምድ ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይላል። ያቺን ሎሚ ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። ኃጢአቱንና ጽድቁን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ፤ እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ስማቸው ኅዳር ላይ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ዘመን ንፋስ መውጫ ልብስ እየሰፋ ነው የኖረው። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም። ጉበቱን ታሞ ሐኪሞቹ ‹ቤትህ ሂድ› ብለው አሰናብተውታል። ክዳኑ በሚያፈሰው በእናቱ ቤት ተኝቷል። ልመናው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ቅሬው መልሱኝና እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ።

ጥር አሥራ ስምንት ቅዳሴ ሲወጣ ቅሬው በደጀ ሰላሙ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ቢሆነኝን ታውቀዋለህ፤ ሸበተ እንጂ አፉ የዱሮው ነው። ‹ይኸ ሰው እንኳን እኛን መቃብር ውስጥ ያሉትንም አስለምዶ ያስነሣብናል› አለና ሰው ሳቀ። የቅሬው ዳኛ ሀብቴ ግን አልሳቀም። ‹የተበደለው የነዓለምዬ ቤት ነው፤ ከዚያ ቤት ያለ ሰው ይናገር› ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን አየሁ። ነገሩ ለሳምንት ተቀጠረ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እንደገና ዝም አልሁ፣ ደምሌ።

በማግስቱ አጥሚት ይዤ ስማቸው ዘንድ ሄድሁ። ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጥኗል። ልናዘዝለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ‹ዓለምዬ፣ አትድከሚ፤ አውቀዋለሁ። የእኛን ነገር ከእኛ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ› አለኝ። ‹ታዲያ ያን ሁሉ ሲሉህ ለምን ዝም አልህ?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እኔ አላስለመድሁትም ብል ታዲያ ከየት አመጣው ሊሉ አይደል? ተመልሶ እሱ ላይ ሊወድቅ። አንድ ሰው ከተሸከመው ይበቃል ብዬ ነው› አለኝ። አንተን ያዳነህ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ያን ጊዜ ዕድሜዬን ሙሉ አንተን ለመጠየቅ የፈራሁትን እሱን ጠየቅሁት። መርጣችሁት ነው ወይስ አብሯችሁ የተፈጠረ ነው? አልሁት። ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ‹የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ እኔ ጥማድ በሬና ልጅ የሞላበት ቤት እመርጥ ነበር። ቀባሪ ማጣትን ማን ይመርጣል፣ አንቺ? እኔ የመረጥሁት ዝም ማለቱን ነው› አለኝ። አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ አንሥቼ አቀመስሁት። እኔም የመረጥሁት ነገር ነበረኝ፤ ውሸቱን።

ጥር ሃያ አምስት ቅሬው ሲሰበሰብ ሳልጠራ ተነሣሁ። ‹ከእኛ ቤት የቀረበው ክስ ውሸት ነው፤ ስማቸው ወንድሜን ምንም አላስለመደውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ› አልሁ። የአንተን ነገር ላላነሣ ቆርጬ ነበር የሄድሁት። ቢሆነኝ ግን ‹ታዲያ ማን አስለመደው?› ብሎ ሲጮህብኝ አፌ ቀደመኝ። ‹ማንም! አንተንስ ሴት መውደድ ማን አስለመደህ?› አልሁት። አሮጊቷ አልጣሽ ከኋላ ሆና ‹እሱስ መች ለመደና!› ስትል የሳቀው ሳቀ፣ ያማተበው አማተበ። ስምህን ሳላስፈቅድህ አንሥቻለሁና ይቅር በለኝ።

ሳቁ ቶሎ ነው የጠፋው። አንዳንዱ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል መምሬ ይስማው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ። ‹በነፍሱ የሚፈርድ ባለቤቱ ነው። የእኛ ድርሻ አፈር ማልበስ ነው፤ እሱንም ከከለከልን ምን ቀረን?› አሉ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ስማቸው ወደ ቅሬው ተመለሰ፤ እኔ በሐሰት ስለመሰከርሁ ዓመት ከቅሬ ወጥቼ እንድቆይ ተፈረደብኝ። ስለዚህ በዚህ ዓመት ቀባሪ የሌለኝ እኔ ነኝ። በገበያ ሰላምታ የሚነፍጉኝ አሉ፤ ቆርቆሮዬ ላይ ድንጋይ የወረወረም አለ። ለአንተ ሳልነግርህ ብቀር ሌላው እንዳይነግርህ ብዬ ነው የጻፍሁት። አታስብብኝ። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ሌሊት ደኅና እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው።

ደምሌ፣ እኔን ይቅር በለኝ ብዬ አልቸኩልብህም። በእኔ ላይ ብዙ ቂም ሊኖርህ ይገባል፤ ስትፈልግ ትተወዋለህ፣ ባትፈልግም እውነትህን ነው። እኔ እቆይሃለሁ። ስማቸው ግን አይቆይህም። ሌሊቱን እንደምንም ነው የሚያነጋው። ቁጥሩን ልጄ ዕፀገነት ከዚህ ደብዳቤ ፎቶ ጋር ትልክልሃለች። ደውልለት። የምትለው ቢጠፋህ ዝም በልና ትንፋሽህን ይስማ፤ እሱ ዝምታህን ያውቀዋል። እኔ ስለ አንተ ስነግረው ‹ድምፁ አሁን ምን ይመስላል?› ብሎ ነው የጠየቀኝ።

ዕፀገነት እንደምን ነህ ትልሃለች። መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ሆና ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታየኛለች። ነገሩን ስትሰማ ተነሥታ ጉልበቴን በቅባት አሸችልኝ። መምሬ ይስማውም እግዜር ይጠብቀው ብለውሃል። አሮጊቷ አልጣሽ የሎሚዋን ነገር ስነግራት ‹ምነው ለእኔ በወረወረልኝ› ብላ እየሳቀች እንባዋን ጠርጋለች።

አንድ ሰላምታ ቀረኝ። በስልክ ስናወራ ከኋላህ ሳል ሳል የሚል፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው አለ። ዓመታት ሙሉ ‹ማነው?› ብዬ እንዳልጠይቅህ የራዲዮ ድምፅ ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። እሱንም እንደምን ነህ በልልኝ። ስሙን ጻፍልኝ፤ በሌላ ጊዜ እንደ ሰው በስሙ ጠርቼ ሰላም እለዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ጽፌዋለሁ። አንዱን ዕፀገነት በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች፤ እንዳታነበው አልከለከልኋትም። ሁለተኛውን አሁን አጥሚቱን ይዤ ስሄድ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

እኅትህ ዓለምዬ
እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወረድ ብሎ
ጥር ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ፦
ለወንድሜ ለደምሌ፣ ሜልበርን።
ለስማቸው፣ በእናቱ ቤት።